ያውቁ ኖሯል? ከአሞሌ ጨው እስከ *127#

ያውቁ ኖሯል? የውጫሌ ውል ሲነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው 17ኛውን አንቀጽ ነው። ከውሉ ጋር የመጣ የገንዘብ ጉዳይ እንደነበር ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ ወሎ፣ አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ተፈረመ። ከወራት በኋላ፣ በኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኮንን ጣሊያን ሄደው ተጨማሪ ውል ሲዋዋሉ፣ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ማስቀረጽ እንደሚችሉ፣ የሚቀረጸው ግን በጣሊያን መንግሥት የገንዘብ ማተሚያ እንደሚሆን ተጻፈ። የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድርም በሐረር ጉምሩክ ገቢ መያዣነት ተፈቀደ። ንጉሠ ነገሥቱ ውሉን አፈረሱ፤ መልካቸው ያለበትን ብርም ፓሪስ አስቀረጹ። በሳንቲሙ ላይ የሰፈረው ዓመት 1887 ነው፤ ዓድዋ ሊዘመት አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። ይስማ ንጉሥን ሊጎበኝ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ይህን ታሪክ ቢሰማ ደስ ይለኛል።

ታዲያ ገበያተኛው የምኒልክን ብር እጁን ዘርግቶ ተቀበለው? አልተቀበለም። የነጋዴው ልብ ጠገራ ብር ላይ፣ ማለትም የኦስትሪያዊቷ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ባለበት ብር ላይ ነበር። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሯ ግን ከሞተች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም፣ 1780 የሚለው ቁጥር ሳይነካ፣ ይቀረጽ ነበር። ቁጥሩ ቢቀየር ገበያተኛው እንደማይቀበለው የሚቀርጹት ያውቁ ነበርና ነው።

ሻጩም ብሩን ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ዘጠኝ ዕንቁ አለው፤ ዕንቁዎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ፈዘው ካያቸው፣ ብሩ ካረጀ ወይም ከተሸራረፈ፣ «ሌላ ስጠኝ» ብሎ ይመልሳል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለይበት መንገድ በእጁ ነበር ማለት ነው። ይህን ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ይመዝናል። መቶው 2.8 ኪሎ ነው፤ ሺሁ 28 ኪሎ። ሺህ ብር ይዞ መንገድ የሚወጣ ነጋዴ በቅሎና ጠባቂ ያስፈልገው ነበር።

ጣሊያን እንኳ ኢትዮጵያን ሊወርር ሲነሳ ሊሬው ብቻውን እንደማያዋጣው ገብቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የማርያ ቴሬዛን ብር ሮም ውስጥ ማስቀረጽ ጀምሮ ነበር።

ዛሬ የምንጠቀምበት የገንዘብ ሥርዓት፣ አንዱ ብር መቶ ሳንቲም የሆነበት፣ ሥራ ላይ የዋለው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ወረቀት ያልለመደውን ሕዝብ ለማባበል የ50 ሳንቲሟ ከእውነተኛ ብር ማዕድን ተሠራች። ባለሙያዎቹ ሰውን ያወቁ ሰዎች ነበሩ፤ አዲስ ነገር ሲያመጡ ሰው የሚያምነውን አሮጌ ነገር ውስጡ ጨመሩበት።

አሁን ወደ ጨው እንመለስ። አሞሌን ሁሉም በስም ያውቀዋል። ከአፋር ቆላ፣ ከጨው ሜዳው እየተጠረበ በግመልና በአህያ ወደ ደጋ የሚወጣ፣ ቁመቱ ከክንድ የሚያንስ የጨው ጥርብ ነበር፤ የጨው ባንክ ነበር ማለት ይቻላል። ዋጋው በየአገሩ ይለያያል። ከተጠረበበት ቦታ እየራቀ በሄደ መጠን እየከበረ ይሄዳል፤ ጨው ሜዳው ዳር ብዙ አሞሌ የሚጠይቀው ዕቃ፣ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲዘለቅ በጥቂት አሞሌ ይገዛል። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገራችን ውስጥ ሲዘዋወር ይህን በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ባለአሞሌው ገንዘቡን ከዝናብና ከእርጥብ መሬት ይጠብቃል፤ እንዳይሰበርም በልጥ ያስረዋል፤ የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ይወርዳልና። የባሰ ቀን ሲመጣ ደግሞ ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል። ከዚያ ወዲህ የመጣ ገንዘብ ሁሉ ይህ ጥቅም የለውም።

ዳሸን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 የሞባይል የገንዘብ ቦርሳ ሲጀምር ስሙን አሞሌ አለው።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በብዙ የአገራችን ገበያዎች የጠመንጃ ጥይትም እንደ ዝርዝር ያገለግል ነበር።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ከ3ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን፣ አክሱም የራሷን የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲም ትቀርጽ ነበር። ሳንቲሙ ከቆመ በኋላ ጨውና ጨርቅ የገበያው ገንዘብ የሆኑበት ዘመን ረዥም ነው። የአከፋፈል ልማድ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ ወደ ኋላም ይመለሳል።

እዚሁ ወሎ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ በአባ ኢየሱስ ሞአ ስም የሚታወቅ የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ አለ። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ ነው። ያውቁ ኖሯል? በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከወንጌሉ ጎን የገዳሙ ንብረት ዝርዝር ሰፍሯል። አባቶቻችን የተሰጠውንና የተቀበሉትን የሚጽፉት በወንጌል ላይ ነበር፤ በወንጌል ላይ የሰፈረን ነገር ማን ደፍሮ ይክዳል? ዛሬ ደረሰኝ የምንለው ነገር ሥራው ይኸው ነው። ከፈለጉት ሐይቅ የግብይት ማስረጃ አያያዝን ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ታውቀው ነበር ብለው መናገር ይችላሉ፤ እኔ እላለሁ።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ኤቲኤሞች የተተከሉት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ስምንት ነበሩ፤ ስምንቱም አዲስ አበባ።

ገጠሩን ቀድሞ በስልክ የደረሰው ትልቁ ባንክ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው ኤም ብር የሚሠራው ከአነስተኛ የብድር ተቋማት ጋር ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ ነው። የሴፍቲኔት ክፍያም በዚህ መንገድ ለችግረኛው በስልክ መላክ ተጀመረ። አርሶ አደሩ ወረፋ ለመጠበቅ የሚያጠፋውን ቀን ያስቀረለት ይህ ነው። ስለ ዲጂታል ክፍያ ሲወራ አዲስ አበባ ብቻ መጠራቱ ስለዚህ ትክክል አይመስለኝም።

ቴሌብር የተጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ኤምፔሳ ኬንያ ውስጥ ከጀመረ ዐሥራ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ዘግይተን ጀመርን፤ አራት ዓመት ሲሞላው ግን የቴሌብር ደንበኞች ከ50 ሚሊዮን በልጠው ነበር። ኤምፔሳም ራሱ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወደ እኛ መጣ።

ሹፌሮችን ስልካቸውን አውጥተው እንዲከፍሉ ያስገደዳቸው ነዳጅ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ቀጥሎ በመላው አገሪቱ፣ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ተከለከለ። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚሄድ ባለመኪና ሁሉ ሳይወድ በግዱ ለመደው። ልማድ አንዳንዴ በፍላጎት ይመጣል፤ አንዳንዴ በመመሪያ።

በሐይቅ ዋና መንገድ ዳር ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ይበሉ። ከስኳሩና ከዘይቱ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በእስክርቢቶ የተጻፈች አንዲት ወረቀት ተለጥፋ ያያሉ። በ1000 የሚጀምር 13 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ የንግድ ባንክ ሒሳብ። ከሥሩ የስልክ ቁጥር፣ አጠገቡ «ቴሌብር» የሚል ጽሑፍ። አንዳንዱ ባለሱቅ ቁጥሩን በላስቲክ ሸፍኖታል፤ በየቀኑ ብዙ ጣት ስለሚያርፍበት።

ከሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጡትን ደግሞ ይመልከቱ። እጃቸው ቅርፊት በቅርፊት ስለሆነ ስልኩን በላስቲክ ከረጢት አድርገው አጠገባቸው ያስቀምጡታል። ገዢው ይልክና «እናቴ፣ ገባልሽ?» ይላል። «አብሽር ልጄ፣ መልእክቱ ይምጣ» ይባላል። መልእክቱ እስኪመጣ ዓሣው አይነሳም። ማንበብ የማይችሉት ጎረቤት የተቀመጠውን ተማሪ ልጅ ይጠሩና «ስንት ይላል?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጁ ያነባል፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ዓሣው ይሰጣል። የማርያ ቴሬዛን ዕንቁ የሚቆጥረው ነጋዴ ያደርገው የነበረው ይህንኑ ነው።

ዝርዝር ማጣት የቀረ መስሎ የታየው በስልክ ክፍያ ነው። መልስ በማስቲካና በከረሜላ የተቀበልንበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። አሁን 17 ብር ከሆነ 17 ብር ይላካል። ሳንቲሟ ከገበያ ጠፍታ ስልክ ውስጥ ተመልሳ መጣች ማለት ነው።

ምራቂ ግን በስልክ አይላክም! ጤፍ ወይም ሽንብራ ከሰፈረች በኋላ ሻጯ በእፍኟ የምትጨምረው ያች ጥቂት ነገር የወሎ ገበያ ወግ ናት። ክፍያው በምንም ይሁን ምራቂው እንዳይቀር የምመኝ ሰው ነኝ።

የ200 ብር ኖት የመጣው መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የገንዘብ ለውጥ ነው። የቀድሞውን ገንዘብ ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ፍራሽ ሥርና እንስራ ውስጥ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ወደ ባንክ መሄድ ግድ ሆነበት። ብዙ የገጠር ሰው የመጀመሪያ ደብተሩን ያወጣው ያን ጊዜ ነው።

ወሎ ውስጥ ባንክ ያልገባ ሰው ሁሉ ባንክን ስላላወቀ አይደለም። ሙስሊም ወገኖቻችን ወለድን ሃይማኖታቸው ስለማይፈቅድላቸው ርቀው ቆይተዋል። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነጻ አገልግሎትን እ.ኤ.አ. በ2011 በመመሪያ ፈቀደ፤ ንግድ ባንክም ሲቢኢ ኑር በሚል ስም ይሰጠዋል። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ፣ ዘምዘም፣ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። አገልግሎቱ የሰውን እምነት አክብሮ ሲመጣ ሰውም ይመጣል። ይህ ከብዙ ዓመት በፊት መሆን ነበረበት ብዬ አምናለሁ፤ ስንት ቤተሰብ ቁጠባውን በጥሬ ገንዘብ ይዞ በዋጋ ንረት ተበልቶበታል።

ዱቤ አልሞተም፤ መልኩን ለወጠ። የባለሱቁ ደብተር ዛሬም ባንኮኒው ሥር አለ። ከጎኑ ግን ሌላ ዱቤ መጥቷል። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር መላ የተባለውን አነስተኛ ብድርና እንደኪሴ የተባለውን አገልግሎት ጀመረ፤ ዳሸንም ዕቃ ወስዶ ቀስ ብሎ መክፈል የሚያስችል «ዱቤ አለ» የተባለ አገልግሎት አለው። ልዩነቱን ልንገርዎ። ባለሱቁ እህል መቼ እንደሚደርስ፣ ደመወዝ መቼ እንደሚገባ፣ ቤትዎ ለቅሶ እንዳለ ያውቃል፤ «ሲመችህ» ይላል። ስልኩ ቀን ቆርጦለታል፤ ቀኑ ሲያልፍ ተጨማሪ ክፍያ አለው። ስልኩም ግን የማይናቅ ነገር አለው፦ ሲበደሩ ማንም አያይዎትም፤ ለባለሱቅ ዓይን የሚያፍር ሰው ይህን ያውቀዋል። ከመበደርዎ በፊት የአገልግሎት ክፍያው ስንት እንደሆነ በልጅዎም ቢሆን ያስነብቡ።

ከሐይቅ፣ ከውጫሌና ከአካባቢው ገጠር ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች የሄዱ ልጆች ብዙ ናቸው። ቤት የሚሠራው፣ ቆርቆሮ የሚገዛው፣ የታናናሾች የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ በእነሱ ላብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር የባንክ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሐዋላ ሰውና በባንክ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠበበ። ያው ለውጥ የዘይቱንና የመድኃኒቱንም ዋጋ ስለነካ፣ ልጅቷ የምትልከው ብር በቁጥር ቢበዛም ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ በዚያው ልክ አልበዛም።

ግሸን ደብረ ከርቤ ያለችው አምባሰል ነው። መስከረም 21 ሲደርስ ከየአገሩ የሚተመው ምእመን ለስንቅ፣ ለማረፊያ፣ ለትራንስፖርትና ለስለት ገንዘብ ያወጣል። ስለቱን በባንክ ሒሳብ የሚያስገባም ዛሬ አለ። ወደ አምባው የሚወጣ ሰው ግን ጥሬ ገንዘብ ይያዝ፤ ተራራው ላይ ኔትወርክ ለሁሉ አይዳረስም።

ኔትወርክ ካልን ዘንድ ወሎ የሚያውቀውን እንናገር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ሐይቅን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ባንክ ተዘጋ፤ ስልክም መብራትም ጠፋ። ደብተር ላይ ያለ ገንዘብ ዳቦ አልገዛም። ኪሱ ውስጥ ጥቂት ብር ያለው፣ ጎተራው ውስጥ እህል ያለው፣ የሚያምነው ጎረቤት ያለው ሰው ያን ጊዜ አለፈ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መተግበሪያው ሁሉ ዝም ሲል፣ *127# ብለው የሚደውሉበት የቴሌብር መንገድ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ተራ ስልክ ላይም ይሠራል። የንግድ ባንኩ *889#ም እንዲሁ። ዘመናዊ ስልክ ያለው ሰው እነዚህን ቁጥሮች ማወቅ አያስፈልገኝም ይላል፤ ያስፈልገዋል።

ስዊድን በዓለም ላይ ጥሬ ገንዘብ እጅግ ጥቂት ከሚጠቀሙ አገሮች አንዷ ናት። ያውቁ ኖሯል? የስዊድን መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. ለየቤቱ ባደለው የአደጋ ጊዜ መመሪያ፣ ዜጎች ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ቤታቸው እንዲያስቀምጡ መክሯል። ሐይቅ ይህን ያለ መጽሔትና ያለ መመሪያ፣ በመከራ ተማረችው።

ያች በየካፌው ጠረጴዛ ላይ የምናያት ጥቁርና ነጭ ባለ አራት ማዕዘን ኪውአር ኮድ የተፈጠረችው እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ለመከታተል።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። የተወሰደው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። አብዛኛው ተመለሰ። ያልመለሱትን ባንኩ በስምና በፎቶ አወጣቸው። ስልክ የነካው ገንዘብ ሁሉ ዱካው ይቀራል፤ ለሌባውም፣ ለተሰረቀውም።

የባንክ ደንበኛ የሚሆን ሰው አሁን ፋይዳ የተባለውን ብሔራዊ መታወቂያ ይጠየቃል። መለያ ቁጥሩ 12 አሃዝ ነው። አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንሥቶ ከአዲስ አበባ ጀምሮ በየደረጃው ግዴታ ሆኗል። ለቤተሰብዎ አዛውንቶች ገና ካላስመዘገቡ አይዘግዩ፤ ጣታቸው በእርሻና በእሳት ስለተፋቀ አሻራቸው በአንዴ ላይያዝ ይችላልና ጊዜ ይስጧቸው።

አሁን ልብ ይበሉልኝ ወዳልኩት ነገር። የማርያ ቴሬዛን ዕንቁ ይቆጥር የነበረው ነጋዴ የልጅ ልጆች ዛሬ በስክሪንሾት እየተታለሉ ነው። ገዢው «ልኬልሃለሁ፣ ይኸው» ብሎ ስልኩን ያሳያል፤ ያሳየው ሥዕል የትናንት ወይም የተቀባባ ነው። በገበያ ቀን ግርግር ባለሱቁ አይቶ ዕቃውን ይሰጣል። ማታ ሒሳቡን ሲያይ ገንዘቡ የለም። ስለዚህ የሰውን ስልክ አይመልከቱ፤ የራስዎን ይመልከቱ። መልእክቱ ለእርስዎ ካልመጣ፣ መጥቶም ቀሪ ሒሳብዎ ካልጨመረ፣ ገንዘቡ አልገባም። የመጣው መልእክት ከማን እንደሆነም ያረጋግጡ፤ የቴሌብር መልእክት 127 ከሚለው ይመጣል፤ ከተራ ስልክ ቁጥር የመጣ የቴሌብር መልእክት ሐሰት ነው። «በስህተት ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ» ብሎ ለሚደውልም ቀሪ ሒሳብዎን ሳያዩ አንድ ብር አይመልሱ።

ማንበብ የማይችሉ እናቶችንና አባቶችን ለምትረዱ ልጆች ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። መልእክቱን አንብቡላቸው፣ ቁጥሩን አስጀምሯቸው። የምስጢር ቁጥሩን ግን እነሱ ራሳቸው ይንኩት፤ ያን ጊዜ ፊታችሁን አዙሩ። ቁጥር መለየት የሚከብዳቸው ከሆነ ጣታቸው የሚሄድበትን አቅጣጫ አስለምዷቸው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ያለ እናንተ ያደርጉታል። የምስጢር ቁጥሩን ባንክም ሆነ ኢትዮ ቴሌኮም ደውሎ አይጠይቅም፤ የሚጠይቅ ከመጣ ስልኩን ዘግታችሁ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሉ።